ተቆጣ ወይስ አመረቀዘ?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። 18 ማዞሪያ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆማችሁ እዚያው ጀምሩት፣ ሳትጨርሱት ተራችሁ አይደርስም። ሥራ ላይ ያላችሁ ለምሳ ሰዓት አቆዩት።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስለ ቁስል ስታወራ ሁለት ቃላት ነበሯት። «ተቆጣ» እና «አመረቀዘ»። ልጆች ሆነን ጉልበታችን ተልጦ ስንገባ ወደ ብርሃን ትጎትተንና በአይበሉባዋ ዳር ዳሩን ትነካካዋለች። ቀልቶ፣ ሞቆ፣ አብጦ ከሆነ «ተቆጥቷል፣ አትነካካው፣ ይበርዳል» ትላለች። ውስጡ መግል ቋጥሮ ከሆነ ግን ድምፅዋ ይለወጣል። «ይኼስ አመርቅዟል» ካለች ነጠላዋን አንስታ ጤና ጣቢያ ነው። ሁለቱን ቃላት ስታደባልቅ ሰምቻት አላውቅም።

ሐኪሞችም ይህንኑ ልዩነት አላቸው። መቆጣት ወይም ብግነት የሚሉት ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው መልስ ነው፤ ደም ወደ ቦታው ይጎርፋል፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ይሰበሰባሉ፣ ቦታው ይግላል። ኢንፌክሽን የሚሉት ደግሞ ባክቴሪያ ገብቶ እየተራባ ነው ማለት ነው። የአመረቀዘ ሁሉ ተቆጥቷል፤ የተቆጣ ሁሉ ግን አላመረቀዘም። ወለም ያለው ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ይሞቃል፣ አንድም ባክቴሪያ የለበትም። ሪህ ያለበት ሰው የእግሩ አውራ ጣት እሳት ይሆናል፣ እዚያም ባክቴሪያ የለም።

ቆዳ ላይ ከሆነ ችግር የለም፣ ዓይንና እጅ ይለየዋል። አጥንት ውስጥ ሲሆንስ? በሥጋ ተሸፍኖ፣ አጠገቡ የኦፕራሲዮን ብረት ተቀምጦ? የእናቴ አይበሉባ እዚያ አይደርስም። ራጅም ቢሆን ብዙ ጊዜ አይለየውም። የዛሬው ጉዳዬ ይኼ ነው። ሁለቱን ለመለየት ተብሎ የተሠራ መርፌ አለ፤ በውስጡ ትንሽ ራዲዮአክቲቭ ነገር የያዘ። እኔ ስለሱ የሰማሁት በቤታችን ጉዳይ ነው።

ታላቅ ወንድሜን «ጋሼ» ነው የምለው። በ13 ዓመት ይበልጠኛል፣ ያስተማረኝም እሱ ነው። በ2003 ዓ.ም. አጠና ተራ እንጨት ሲያራግፍ ከመኪና ላይ የተንሸራተተ ግንድ ቅልጥሙን ሰበረው። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ወጥቶ ነበር። ኦፕራሲዮን ተደርጎ ብረት ገባለት፣ ዳነ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከስምንት ዓመት በኋላ ያው ቦታ ማታ ማታ ይጠዘጥዘው ጀመር። ያብጣል፣ ይጎድላል። ይሞቃል፣ ይበርዳል። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ተገዛ። ትንሽ ተሻለው፣ ተመለሰበት። ሲፕሮ ተገዛ። እንደገና ተሻለው፣ እንደገና ተመለሰበት። ይህን ታሪክ የማያውቅ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድን። ራጁ ላይ ብረቱ ብሩህ ሆኖ ይታያል፣ ዙሪያው ያለው አጥንት ግን የተለወጠው በድሮው ስብራት ይሁን በአዲስ በሽታ ለመናገር አይቻልም። የደም ምርመራው «ከፍ ብሏል» ብቻ ነው የሚለው፤ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ተቆጥቷል ማለት ነው፣ የት እና ለምን ግን አይልም። ቀጥሎ የአጥንት ስካን ታዘዘ። ይኼ የኑክሌር ሕክምና ሥራ ነው። ቴክኒሺየም የሚባል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር አጥንት ከሚወድ ኬሚካል ጋር ተያይዞ በደም ሥር ይገባል፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ይጠበቃል፣ ከዚያ ጋማ ካሜራ የሚባለው መሣሪያ ከሰውነት የሚወጣውን ጨረር ያነሳል። ከራጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በራጅ ጨረሩ ከማሽኑ ወጥቶ በሰው ያልፋል። እዚህ ግን ጨረሩ የሚወጣው ከሰውየው ነው፤ ካሜራው ቁጭ ብሎ ይቀበላል።

የጋሼ ቅልጥም በራ። እንደ ፋኖስ። ደስ አለን ማለት ይቻላል፣ ተገኘ ብለን። ሐኪሙ ግን ፊቱ አልፈካም። «አጥንቱ ተቆጥቷል» አለን። «ለምን እንደተቆጣ ግን ይሄ ፎቶ አይነግረኝም።» የአጥንት ስካን የሚያበራው አጥንት በሚገነባበትና በሚፈርስበት ቦታ ሁሉ ነው። ስብራት ሲጠግን ይበራል፣ ብረት ላልቶ አጥንቱን ሲፍቀው ይበራል፣ ባክቴሪያ ሲበላውም ይበራል።

ውሳኔው ደግሞ ቀልድ አልነበረም። ኢንፌክሽን ከሆነ ብረቱ መውጣት አለበት፣ የሞተው አጥንት መጠረግ አለበት፣ ከዚያ ለሳምንታት መድኃኒት። ኢንፌክሽን ካልሆነ ግን እግሩን መክፈት ራሱ ባክቴሪያ ማስገባት ሊሆን ይችላል። ዝም ተብሎ ቢጠበቅና ኢንፌክሽን ሆኖ ቢገኝ ደግሞ አጥንቱ እየተበላ ሄዶ እግሩን እስከ መቁረጥ ያደርሳል። በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ካልቸሩ ላይ ምንም አልበቀለም። ባክቴሪያ የለም ማለት ነው? አይደለም። ለወራት አንቲባዮቲክ ሲወስድ የኖረ ሰው ናሙናው ባይበቅል አይገርምም። በዚያ ላይ ባክቴሪያ ብረት ላይ ሲቀመጥ የሚያጣብቅ ሽፋን ሠርቶ ተሸሽጎ ነው የሚኖረው። መርፌው በሁለት ሚሊሜትር ቢስተው ሳይነካው ይወጣል።

በዚህ መሃል ነው አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ መልእክት የላከችልኝ። ስሟን አልጠራም፣ በሷ ክፍል የነበራችሁ ግን ታውቋታላችሁ፤ «ቲቸር፣ ይኼ የት ይጠቅመናል?» እያለች በየክፍለ ጊዜው የምታስጨንቀኝ ልጅ። አሁን ደቡብ አፍሪካ የኑክሌር ሕክምና መድኃኒት ዝግጅት ትማራለች። የጋሼን ነገር ስነግራት «ቲቸር፣ አጥንቱን የሚያየውን ሳይሆን ባክቴሪያውን የሚያየውን ነው የሚፈልጉት» አለችኝ። «አለ እንዴ?» አልኳት። «አለ፣ ግን ገና ነው። ይጻፉ፣ ላስረዳዎት» አለች። ተገላቢጦሽ ነው፤ ማስታወሻ ደብተር አውጥቼ የተማሪዬን ሌክቸር ጻፍኩ። የምጽፍላችሁ ከዚያ ቀን ደብተርና ከዚያ በኋላ ራሴ ካነበብኩት ነው።

መጀመሪያ የተሞከረው ነገር ነጭ የደም ሕዋስን ራሱን መላክ ነው። ከሕመምተኛው 50 ሚሊ ሊትር አካባቢ ደም ይቀዳል፣ ነጩ ሕዋስ ይለያል፣ ራዲዮአክቲቭ ምልክት ይደረግበታል፣ ለራሱ ለሰውየው ተመልሶ ይወጋል። ሕዋሱ ወደ ጠቡ ይሮጣል፣ ካሜራው ይከተለዋል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ዛሬም ይሠራበታል። ግን ሰዓታት ይፈጃል፣ ንጹሕ ላቦራቶሪና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፣ ባለሙያው የሰው ደም ሲነካካ ይውላል። የአንዱ ደም ለሌላው ቢወጋስ ብላችሁ አስቡት። ደግሞም ነጭ ሕዋስ ባክቴሪያ በሌለበት ቁጣም ይሄዳል።

ሁለተኛው ሐሳብ አንቲባዮቲኩን ራሱን ምልክት ማድረግ ነበር። ለንደን በሚገኘው ሴንት ባርቶሎሚው ሆስፒታል ያሉ ተመራማሪዎች ሲፕሮፍሎክሳሲንን፣ አዎ ያንኑ የምናውቀውን ሲፕሮ፣ ከቴክኒሺየም ጋር አያያዙት። «ኢንፌክቶን» አሉት። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በብዙ አገሮች አስሞከረው። መጀመሪያ ሁሉም ተደሰተ። ቆይቶ ግን ባክቴሪያ በሌለበት እብጠትም እንደሚከማች ታየና ጉጉቱ ቀዘቀዘ።

ሦስተኛውን እኔ በጣም የወደድኩት ኬሚስትሪው የኛ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች በአይጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድል ትንሽ ፕሮቲን አገኙ። ኡቢኩዊሲዲን ይባላል፤ ከላቲን ሲተረጎም «በሁሉ ቦታ ያለ ገዳይ» እንደማለት ነው። በእኔም በእናንተም ሰውነት ውስጥ አለ። 59 አሚኖ አሲዶች አሉት። ላይደኖቹ ይህን ሰንሰለት ቆራርጠው ሲያዩት ከ29ኛው እስከ 41ኛው ያለችው ቁራጭ ብቻዋን ባክቴሪያ ላይ እንደምትጣበቅ አገኙ። 13 አሚኖ አሲድ ብቻ። እንዲህ ያለ አጭር ሰንሰለት ፔፕታይድ ይባላል፣ በላቦራቶሪ መሥራት ይቻላል፣ ከእንስሳ ደም ማውጣት አያስፈልግም።

ለምን ባክቴሪያ ላይ ትጣበቃለች? ከ13ቱ አምስቱ አርጂኒን፣ አንዱ ላይሲን ናቸው። ስድስቱም ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው። የባክቴሪያ ሽፋን ደግሞ ውጩ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይበዛበታል፤ የሰው ሕዋስ ውጩ ከሞላ ጎደል ቻርጅ የለውም። በቃ። ተቃራኒ ቻርጆች ይሳሳባሉ፣ 9ኛ ክፍል ፀጉራችሁን በማበጠሪያ አሽታችሁ ወረቀት ያነሳችሁበት ነገር ነው። ያቺ ልጅ ይህን ስትነግረኝ «የት ይጠቅመናል ላልሽው መልሱ ይኸው፣ ዘገየ እንጂ አልቀረም» አልኳት። ሳቀች።

የቀረው ፔፕታይዷ ላይ መብራት ማሰር ነው። መብራቱ ቴክኒሺየም ነው። ስለሱ ትንሽ ልበል፣ ካላልኩ አያስችለኝም። የፔሪዮዲክ ቴብል 43ኛ ሳጥን ለብዙ ዘመን ባዶ ነበር። ሴግሬ እና ፔሪየር የተባሉ ጣሊያናውያን ፓሌርሞ ላይ እ.ኤ.አ. በ1937 አገኙት፤ ሰው ሠራሽ ሆኖ የተገኘ የመጀመሪያው ንጥረ ነገር ነው፣ ስሙም «ሰው ሠራሽ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ። በሕክምና የሚሠራበት ዓይነት ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተወጋ ሰው በማግስቱ በዚያው ሰዓት አራት ግማሽ ዕድሜ አልፎታል፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ አሥራ ስድስተኛ። ይህም ኩላሊት ያወጣውን ሳንቆጥር ነው።

አሠራሩ ከሚሰማው ይቀላል። ፔፕታይዷ ከሌሎች ረዳት ኬሚካሎች ጋር በትንሽ ብልቃጥ ደርቃ ትቀመጣለች። ቴክኒሺየሙ ይጨመርባታል፣ ጥቂት ይጠበቃል፣ ጥራቱ ይመረመራል፣ ይወጋል። መጠኗ በማይክሮግራም የሚለካ ነው፤ ባክቴሪያውን ለመግደል አይበቃም፣ ለማሳየት ግን ይበቃል። ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ፎቶ ይነሳል። ባክቴሪያ ላይ ያልተጣበቀው በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት ይወጣል።

በሰው ላይ ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ፓኪስታን ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አለ፣ 18 ሰዎች፣ የአጥንት፣ የሥጋ ወይም የሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ኢንፌክሽን የተጠረጠረባቸው። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነበር። ሜክሲኮም ኢራንም ሠርተውበታል። ልብ ብላችኋል? እነዚህ የአሜሪካ ትልልቅ ሆስፒታሎች አይደሉም። የነሱ ችግር የኛው ችግር ስለሆነ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ክፍት ስብራት ብዙ፣ የስኳር ሕመም እግር ብዙ፣ ውድ ማሽን ጥቂት።

አሁን ደግሞ ጉድለቷን ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ መድኃኒት ሻጭ ሆንኩ ማለት ነው። ባክቴሪያ አለ ትላለች እንጂ የትኛው እንደሆነ አትናገርም። የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚሠራበትም አትናገርም፤ ለዚያ ናሙናና ካልቸር የግድ ነው። አጥንት ላይ ዋናው ጠላት የሆነውን ስታፊሎኮከስ ኦሬየስን በደንብ ታሳያለች፣ ኢ. ኮላይ ላይ ግን ትደክማለች። በሽንት ስለምትወጣ ኩላሊትና ፊኛ ሁልጊዜ ይበራሉ፣ እዚያ አካባቢ ያለ ኢንፌክሽን ይሸፈናል። የታመመው እግር ከጤነኛው ጋር ሲነጻጸር ብርሃኑ ብዙ ጊዜ እጥፍ ገደማ ነው፤ እንደ ፋኖስ አይደለም፣ እንደ ክብሪት ነው። ሕመምተኛው አንቲባዮቲክ ላይ ከሆነ ብርሃኑ ይቀንሳል። ይኼኛው ግን ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በአይጥ ላይ ሲሞከር ባክቴሪያው በመድኃኒት ሲቀንስ ብርሃኑም አብሮ እንደሚቀንስ ታይቷል። ስለዚህ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ለመከታተል ልትጠቅም ትችላለች።

ጋሼ ይህን መርፌ አላገኘም። ሐኪሙ የያዘው መንገድ የድሮውና የሚታመነው መንገድ ነበር፤ አንቲባዮቲኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይቁም፣ ከዚያ እግሩ ይከፈትና ከተለያየ ቦታ ብዙ ናሙና ይወሰድ። እነዚያ ሁለት ሳምንታት የቤታችን ረጅሙ ጊዜ ናቸው። መድኃኒቱ ሲቆም እግሩ አበጠ። «አንተ የሳይንስ አስተማሪ፣ ይሄ ነው ሳይንስ? የሚያድነኝን ከልክላችሁ እንዲብስብኝ መጠበቅ?» ይለኛል ጋሼ። አስረዳዋለሁ፣ ገብቶታልም፣ ግን ማታ ሲጠዘጥዘው ማስረዳት ምን ይሠራል። ሲከፈት ብረቱ ሥር መግል ነበር። ስታፍ ኦሬየስ በቀለ። ብረቱ ወጣ፣ ስድስት ሳምንት መድኃኒት ወሰደ። ዛሬ በከዘራ ይሄዳል፣ እግሩ አለ።

ኢንፌክሽን ነበር፣ መከፈቱም ልክ ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላው ሰው ነው፤ ተከፍቶ ምንም ያልተገኘበት። ወይም ሳይከፈት የቀረውና አጥንቱ የተበላው። ብርሃኗ የክብሪት ያህል ብትሆንም ወደ የትኛው ቦታ መርፌ እንደሚላክ ብታሳይ ቀላል ነገር አይደለም።

ይኼ ጥያቄ ለክፍለ ከተማችን አዲስ አይደለም። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል፣ እግር ሕመም አይሰማውም። ምስማር ቢወጋው፣ ድንጋይ ቢልጠው ሰውየው ሳያውቅ ይረግጥበታል፣ ቁስሉ ወደ አጥንት ይወርዳል። የስኳር ሕመምም እንደዚሁ ነርቭ ይገድላል፣ እሱ ደግሞ በየሰፈሩ እየበዛ ነው። ነርቩ የሞተ እግር አንድ አስቸጋሪ ነገር ያመጣል። ያለ ምንም ባክቴሪያ አጥንቶቹ ይላላሉ፣ ይሰባበራሉ፣ እግሩ ቀልቶ ሞቆ ያብጣል። ሻርኮ እግር ይባላል። ከውጭ ሲታይ ከአጥንት ኢንፌክሽን ጋር መንታ ናቸው፤ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ሻርኮን በጀሶ አስሮ ማሳረፍ ነው። የአመረቀዘውን በጀሶ ሸፍኖ መተው ግን አደጋ ነው። ተቆጣና አመረቀዘ መለየት እግር የሚያስቀጥልበት ወይም የሚያስቆርጥበት ቦታ እዚህ ነው።

ታዲያ እኛ ጋ ምን ጎደለ? ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በተመሠረተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኑክሌር ሕክምና ክፍል አለ፣ ታይሮይድና አጥንት የሚታይበት። ለቴክኒሺየም የተሠራ ጋማ ካሜራ ቴክኒሺየም የተሸከመ ማንኛውንም ነገር ያያል፤ አጥንት የሚወደውም ይሁን ባክቴሪያ የሚወደው ለሱ አንድ ነው። አዲስ ዓይን አያስፈልገውም።

የሚያስፈልገው አንዱ የማይቋረጥ ቴክኒሺየም ነው። ቴክኒሺየም በ6 ሰዓት ስለሚግማመስ አክሲዮን ተደርጎ አይቀመጥም። የሚመጣው እናቱ ናት፤ ሞሊብዲነም፣ ግማሽ ዕድሜዋ 66 ሰዓት፣ በእርሳስ በተከለለ ዕቃ ውስጥ። በየቀኑ ጨዋማ ውሃ ይሰድዱባትና የወለደችውን ቴክኒሺየም ያልባሉ፤ ፈረንጆቹም «ላሟ» ነው የሚሏት። አሁን ካልኩሌተር አውጡ። ላሟ በአውሮፕላን ደርሳ 12 ሰዓት መጋዘን ብታድር 12 በመቶዋ ሄደ። አርብ ማታ ገብታ ሰኞ ጠዋት ብትወጣ ግማሽ ያህሏ የለችም። ከአንድ ሳምንት በኋላ የሚቀረው 17 በመቶ ነው። ሌላ ዕቃ ጉምሩክ ቢቆይ አቧራ ይይዘዋል፣ ይኼኛው ግን ቆሞ ያልቃል።

የችግሩ ሥር ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 የካናዳው ቾክ ሪቨር ሬአክተር ተበላሽቶ ከአንድ ዓመት በላይ ሲዘጋ የሀብታም አገር ሆስፒታሎችም ቀጠሮ ሰርዘዋል። ለኛ ደስ የሚለው ነገር ከዓለም ትልልቅ የሞሊብዲነም አምራቾች አንዱ አፍሪካ ውስጥ መሆኑ ነው፤ ፕሪቶሪያ አጠገብ ፔሊንዳባ ያለው ሳፋሪ-1 ሬአክተር፣ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ። ለአለርት እኩያው ነው።

እዚያው ፕሪቶሪያ ፕሮፌሰር ማይክ ሳቴኬ ያሉበት ቡድን ያቺኑ ፔፕታይድ በቴክኒሺየም ፈንታ ከጋሊየም-68 ጋር አያይዞ እ.ኤ.አ. በ2014 በጥንቸሎች ላይ የሠራውን አሳትሟል። ጋሊየም ግማሽ ዕድሜው 68 ደቂቃ ብቻ ነው፣ የሱ «ላም» ግን ግማሽ ዕድሜዋ 271 ቀን ነው። አንድ ጊዜ ከገባች ወደ ዓመት ታገለግላለች፤ መጋዘን ሦስት ቀን ብታድር አንድ በመቶም አይጎድላት። ችግሩ ፔት የሚባለውን ውድ ካሜራ ትፈልጋለች። እንግዲህ አንዱ ርካሽ ካሜራና ችኩል ላም፣ ሌላው ውድ ካሜራና ታጋሽ ላም። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ባለን ካሜራ እላለሁ።

ጋሼ ስካን ሊነሳ ሲሄድ ጎረቤቶቻችን የጠየቁኝን እናንተም ሳትጠይቁኝ አትቀሩም። «ጨረር አይደለም እንዴ? ፀጉሩ አይረግፍም?» አይረግፍም። ፀጉር የሚያረግፈው ለካንሰር የሚሰጠው በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ መጠን ነው። አንድ የአጥንት ስካን ከ3 እስከ 4 ሚሊሲቨርት ይሰጣል። ምንም ምርመራ የማያደርግ ሰው ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ያገኛል። እኛ አዲስ አበቤዎች ደግሞ ከፍታችን 2400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከሰማይ የሚመጣው ከጅቡቲ ሰው ይልቅ ይበዛብናል፣ ማንም ግን በዚህ ምክንያት ቤቱን ሸጦ አልወረደም። የተወጋ ሰው ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ ይሽና፣ በዚያ ቀን ሕፃን ለረጅም ሰዓት አይታቀፍ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ እናት ግን ከመርፌው በፊት ለሐኪሙ ትንገር። ይኼ ቀልድ የለውም።

ሁለተኛው የሚያስፈልገው ሰው ነው። ፋርማሲ፣ ኬሚስትሪ፣ ሜዲካል ፊዚክስ ለምትማሩና የመመረቂያ ርዕስ ፍለጋ ለምትንከራተቱ ነው የምለው። ብልቃጡ ውስጥ ቴክኒሺየሙ በትክክል ፔፕታይዷ ላይ መያያዙ የሚረጋገጠው በክሮማቶግራፊ ነው። ጠባብ ወረቀት፣ ጫፉ ላይ አንድ ጠብታ፣ ከሥር ፈሳሽ። ያልተያያዘው አንድ ቦታ ይሄዳል፣ የተያያዘው ሌላ ቦታ ይቀራል፣ ወረቀቱ ተቆርጦ ሁለቱ ይቆጠራሉ። የተያያዘው ከበቂ በታች ከሆነ ብልቃጡ ይጣላል እንጂ ሰው አይወጋም። 10ኛ ክፍል ጥቁር እስክሪብቶ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ቀለሙን የበታተናችሁበት ሙከራ ነው፣ ግማሾቻችሁ ዩኒፎርማችሁን ያበላሻችሁበት። ያቺ ተማሪዬ ጽሑፎችን ለመላክና ጥያቄ ለመመለስ ፈቃደኛ ናት፣ ጠይቄያታለሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ማታ ማታ ነው ጊዜ ያላት፣ በተከታታይ አትደውሉባት።